ወገብን ያመመው ሁሉ ዲስክ አይደለም

ወር በገባ በ5ኛው ቀን መካኒሳ አቦ በነጭ ነጠላ ተሞልታ ታነጋለች። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነውና በወርኃዊ በዓላቸው ከለቡም ከጀርመን አደባባይም ምእመን ይመጣል። ከአጥሩ ሥር ቆም ብሎ ላስተዋለ ሰው፣ መስገድ የከበዳቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንዱ ግድግዳ ተደግፎ አንገቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። ሌላዋ በጉልበቷ ወርዳ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እያቃሰተች ትነሣለች።

ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን ጨዋታውም ያው ነው።

«እትዬ፣ ወገብዎ እንዴት ሆነልዎ?»

«ተመስገን ነው ልጄ፤ ተነሣሁና ዲስክ ነው አሉኝ። እኔማ ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር።»

«ሌላ ነገር» ማለታቸው ካንሰር ነው። «ተነሣሁ» ያሉት ደግሞ ኤምአርአይ ነው፤ ፊልሙ በትልቅ ፖስታ ሆኖ ከአልጋው ሥር ወይም ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ይቀመጣል። እፎይታቸው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ለጀርባ ሕመም ወደ ክሊኒክ ከመጡ 1,975 ሰዎች ውስጥ ካንሰር የተገኘባቸው 13 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ችግሩ እነዚያ 13 ሰዎችም በሩን አንኳኩተው የገቡት እንደሌሎቹ «ወገቤን» እያሉ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በዲስክና በዕጢ መካከል የሚገባ ሦስተኛ በሽታ አለ፤ ሁለቱንም ሊመስል ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በኪኒን ይድናል።

ከዲስክ እንጀምር። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገኙት 23 ዲስኮች ከውጭ ጠንካራ ቀለበት፣ ከውስጥ ለስላሳ ዝልግልግ ነገር አላቸው። ቀለበቱ ሲሰነጠቅ ውስጠኛው ይወጣና አጠገቡ ያለውን የነርቭ ሥር ይጫናል፣ ያስቆጣልም። በወገብ አካባቢ ከሚደርሰው የዲስክ መውጣት 95 በመቶ ያህሉ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ነው። ስለዚህም ሕመሙ መንገዱን ያውቃል፤ ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭን ኋላ ወይም ጎን አልፎ እስከ እግር ጣት ይወርዳል። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ታክሲ ውስጥ ብዙ ሲቀመጡ ይብሳል፤ ጋደም ሲሉ ይረግባል። ሐኪሙ ታማሚውን በጀርባ አስተኝቶ እግሩን ሳያጥፍ ሲያነሣው ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ከፍታ ያው ሕመም ከተቀሰቀሰ የነርቭ ሥሩ መነካቱን ይጠረጥራል።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው፤ አብዛኛው ታማሚ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተሠራ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ከዲስኩ ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ ከመቶ በ96ቱ ታማሚዎች ላይ በራሱ ጊዜ ይሟሟል ወይም ይቀንሳል፤ ዲስኩ በጥቂቱ ብቻ ባበጠባቸው ሰዎች ግን ይህ የሚሆነው በ13 በመቶው ነው። ትልቁ ቶሎ መጥፋቱ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ የወጣው ቁራጭ ደም ሥር ካለበት ቦታ ስለሚደርስ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥረው ስለሚበሉት ነው።

ሕክምናው ዓለም ዲስክን ራሱን ያወቀው በዕጢ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 በርሊን ውስጥ የነርቭ ሐኪሙ ኦፐንሃይምና ቀዶ ሐኪሙ ክራውዘ ከአንድ ታማሚ አከርካሪ ውስጥ ጓጓላ ነገር አውጥተው «የልም አጥንት ዕጢ» ብለው ጻፉ። ታማሚው ተሻለው፤ ስሙ ግን ስሕተት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠራው ዋልተር ዳንዲ የኅብለ ሰረሰር ዕጢ መስለው የታዩትን ሁለት ታማሚዎች ዘግቦ፣ ያወጣው ነገር ከዲስክ የተላቀቀ ልም አጥንት እንደሆነ በ1929 ጻፈ። ሰሚ ግን አላገኘም።

በ1932 ቦስተን ውስጥ ጉዳዩ ተቋጨ። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በበረዶ ሸርተቴ ተጎድቶ እግሩ ክፉኛ የሚያመው አንድ ወጣት «የአከርካሪ ዕጢ» ተብሎ በነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሚክስተር እጅ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የወጣውም ነገር በላቦራቶሪ የልም አጥንት ዕጢ ተባለ። የአጥንት ሐኪሙ ጆሴፍ ባር ግን ጀርመናዊው ሽሞርል ስለ ዲስክ የጻፈውን እያነበበ ስለነበር ተጠራጠረ። ናሙናውን ከጤነኛ ዲስክ ጋር በማይክሮስኮፕ አስተያየው፤ አንድ ሆኖ አገኘው። ከዚያ ሁለቱ ሐኪሞች የሆስፒታሉን መደርደሪያ ፈተሹ። ለዓመታት «ዕጢ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ከተቀመጡት ናሙናዎች ብዙዎቹ የዲስክ ቁራጭ ነበሩ። በነሐሴ 1934 ያሳተሙት ጽሑፍ የወገብ ሕክምናን ለወጠው።

ዛሬ መካኒሳ ላይ፣ እንዲያውም በመላው አዲስ አበባ፣ ስሕተቱ አቅጣጫውን ቀይሯል። ያኔ ዲስኩ ዕጢ ይባል ነበር፤ አሁን ዕጢው ዲስክ ይባላል። የስሕተቱ መንገድ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው የሚተማመንበት ፖስታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ምንም የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ አነሡ። ከመቶ 52ቱ ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ፣ 27ቱ ደግሞ ወጣ ያለ ዲስክ ተገኘባቸው። በ2015 ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሌላ ሥራ እንዳሳየው ሕመም ከሌለባቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 84 በመቶው ያበጠ ዲስክ አላቸው። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ዕድሜው ከገፋ ሰው ፊልም ላይ ዲስክ ማግኘት ፀጉሩ ላይ ሽበት እንደማግኘት ነው፤ መኖሩ ያመመው እርሱ መሆኑን አያረጋግጥም። ራዲዮሎጂስቱ ያየውን በታማኝነት ይጽፋል፤ «ያበጠ ዲስክ» የሚለው መስመር የመደምደሚያው መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያነብም የሚጠይቅም ይጠፋል።

ሐኪሞች ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው የሚያነሡት ዓይነት ታማሚ አለ። በ50ዎቹ ዕድሜ ያለች፣ እንጀራ ጋግራ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት እናስብ። ለወራት ጀርባዋን አሟታል፤ አሁን ግን የሚያስቸግራት ሕመሙ ሳይሆን እግሮቿ ናቸው፤ ይከብዷታል፣ ይገተራሉ፣ ደረጃ ስትወርድ ይተሳሰሩባታል፣ መሬቱ ጥጥ ጥጥ ይላታል። የወገብ ኤምአርአይ ይታዘዝላታል። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያበጠ ዲስክ ይታያል። «ዲስክ ነው» ተብላ ማስታገሻና የወገብ ቀበቶ ይዛ ትመለሳለች። እግሯ ግን እየከፋ ይሄዳል።

ስሕተቱ የት እንደሆነ ለማየት ማሽን አያስፈልግም። ኅብለ ሰረሰር እስከ ታች አይወርድም፤ በአዋቂ ሰው ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው የነርቭ ክሮች ጥቅል ነው። የታችኛው ወገብ ዲስክ የሚጫነው እነዚህን ክሮች ስለሆነ የሚያመጣው ድካም ልፍስፍስ ያለ ነው፤ ሐኪሙ በትንሿ መዶሻ ጅማቱን ሲመታው እግሩ እምብዛም አይነቃነቅም። የሴትዮዋ እግር ግን ገትሯል። መዶሻው ሲነካው ይፈናጠራል፤ የውስጥ እግሯ በቁልፍ ጫፍ ሲጫር አውራ ጣቷ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ይህ ምልክት ፈረንሳዊው ባቢንስኪ በ1896 የገለጸው ነው። መልእክቱም አንድ ነው፤ የተጫነው ነገር ያለው ከላይ፣ ከኅብለ ሰረሰሩ ጋር ነው። የወገብ ፊልም ደግሞ ደረትን አያሳይም። ከደረት በስተጀርባ ያለው አከርካሪ ሲነሣ፣ ከኅብለ ሰረሰሩ ሽፋን የበቀለ ማኒንጂዮማ የሚባል ዕጢ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ፣ በዝግታ የሚያድግ፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃ ነው፤ በጊዜ ከወጣ ብዙዎችን መልሶ ያስኬዳል። የደረት ዲስክ ወጥቶ ሰው ማሳመሙ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ በዚያ ቦታ «ዲስክ» የሚል ሪፖርት ሲመጣ ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል።

የመዶሻው ምርመራ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። የኤምአርአይ ዋጋ ለብዙው የመካኒሳ ነዋሪ ወገቡን ከሚያመው በላይ የሚያሳምም ነው፤ ያለ ምርመራ የተሳሳተ ቦታ ማስነሣት ድርብ ኪሳራ ነው።

ከነርቭ ሽፋን የሚበቅለው ሽዋኖማ ደግሞ ከዚህ የባሰ አሳሳች ነው። በነርቭ ሥሩ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል የሚወርደውን የዲስክ ሕመም አንድ ባንድ ይኮርጃል። አንዳንድ ጊዜ የሚያጋልጠው ሌሊቱ ነው፤ በዲስክ የታመመ ሰው ጋደም ሲል ሲሻለው፣ በዕጢ የታመመው ጋደም ሲል ይብስበታል፤ ተነሥቶ ሲንጎራደድ ያድራል፣ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል። «ማታ ማታ ምን ያደርግሃል?» የሚለው ጥያቄ ክፍያ የለውም፤ የሚጠይቀው ሐኪም ግን ከደጅ ሰልፉ ጋር እየተሟገተ ነው።

ፊልሙ ላይም መለያ አለ። የዲስክ ቁራጭ ውስጡ ደም ሥር ስለሌለው በክንድ በኩል የሚሰጠውን ቀለም አይቀበልም፤ ዙሪያው ብቻ እንደ ቀለበት ይበራል። ዕጢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡም ጭምር ይደምቃል። ይህም ሆኖ ከቦታው ርቆ የተጓዘ ቁራጭ ልምድ ያለውን ራዲዮሎጂስት ሳይቀር የሚያታልልበት ጊዜ አለ። ቀለም ደግሞ ለእያንዳንዱ የወገብ ሕመም አይሰጥም። የሚሰጠው አዛዡ ሐኪም ምክንያቱን ሲጽፍ ነው። ማዘዣው ላይ «የወገብ ሕመም» ብቻ ተብሎ የመጣ ሰው በተለመደው መንገድ ይነሣል፤ «ክብደት ቀንሷል፣ ከዓመታት በፊት ጡቷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል» ተብሎ የመጣው ግን በሌላ ዓይን ይታያል።

የአከርካሪ ዕጢ ሲባል በብዛት የሚገኘው እዚያው የበቀለው ሳይሆን ከሌላ አካል ተሰድዶ የመጣው ካንሰር ነው፤ ከጡት፣ ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊት፣ ከታይሮይድ። አሜሪካዊው የሰውነት ክፍሎች ምሁር ኦስካር ባትሰን በ1940 ከዳሌ ተነሥተው አከርካሪን ዙሪያውን የሚያያይዙ፣ ደም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሊፈስባቸው የሚችል ደም ሥሮች መኖራቸውን ሲያሳይ፣ የፕሮስቴት ካንሰር ለምን ወገብን እንደሚመርጥ አንድ ማብራሪያ ተገኘ። ተራ ራጅ እዚህ ላይ አይታመንም፤ ከአጥንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶው ካልተበላ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል። ሲታይ ግን ራዲዮሎጂስቶች «የሚጠቅስ ጉጉት» የሚሉትን መልክ ይይዛል፤ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ እንደ ሁለት ዓይን ከሚታዩት ክቦች አንዱ ይጠፋል። ካንሰር አጥንቱን ይበላል፣ በመካከል ያለውን ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም።

ታሪክ መጠየቅ ግን በእኛ ባህል ቀላል አይደለም። ሽንት እንቢ እያላቸው የከረሙ አባት ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ሳለ ለሐኪሙ አይናገሩም፤ «ዕድሜ ነው» ይላሉ። አንገቷ ላይ ለዓመታት የኖረውን እንቅርት ከወገቧ ጋር ማን ያገናኘዋል? መቀመጫና ብልት አካባቢ መደንዘዙን፣ ሽንት ወይም ሰገራ ማምለጡን ደግሞ ነውር ሸፍኖት ያልፋል። ይህ የመጨረሻው ግን ዲስክም ይሁን ዕጢ ቀጠሮ የማይሰጠው ነው። በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ የነርቭ ጥቅሉ እየታነቀ ነውና።

ሦስተኛው በሽታ ቲቢ ነው። ከመካኒሳ ብዙ ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1965 በሥጋ ደዌ ማሠልጠኛነት የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል አለ፤ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያና የቲቢ ባክቴሪያ ዘመዳሞች ናቸውና ውሎ አድሮ ቲቢም በስሙ ውስጥ ገብቷል። በዚያው ግቢ ያለው የአርመር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩትም በሁለቱ ላይ ይሠራል። እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት ጀርባን የሚያጎብጠውንና እግርን የሚያሽመደምደውን በሽታ በ1779 ሲገልጽ መንስኤውን አላወቀም፤ ዛሬ የአከርካሪ ቲቢ በስሙ ይጠራል። በኢትዮጵያ ከሚመዘገቡት የቲቢ ታማሚዎች ሲሶ ያህሉ በሽታቸው ከሳንባ ውጭ ነው። አጥንት ከነካው ቲቢ ደግሞ ግማሽ ያህሉ አከርካሪን ነው የሚይዘው። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ አያስሉም፤ አክታቸው ቢመረመር ምንም የለውም።

ከዕጢ ለመለየት አስቸጋሪ የሚያደርገው ምልክቱ መጋራቱ ነው፤ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ፣ የማይለቅ ሕመም። ፊልሙ ላይ ቲቢ በተለመደው መልኩ ሁለት ጎረቤት አጥንቶችን ከፊት በኩል ይይዛል፤ በመካከል ያለውን ዲስክ ቀስ ብሎ ይበላል፤ መግሉም በጡንቻ ውስጥ እየተንሸራተተ አንዳንዴ ብሽሽት ላይ ብቅ ይላል። ጥሬ ወተት በሚጠጣባቸው የአርብቶ አደር አካባቢዎች ብሩሴሎሲስም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ቲቢ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ደንብ ጠብቆ አይመጣም። አንድ አጥንት ብቻ ከመታ ካንሰር ይመስላል። በየጤና ጣቢያው ያለው ርካሹ የደም ዝቅጠት ምርመራ፣ ኢኤስአር፣ እጅግ ከፍ ካለ «ይህ ተራ ዲስክ አይደለም» ይላል፤ የቱ እንደሆነ ግን አይነግርም። መልሱ ያለው በመርፌ ከአጥንቱ በሚወሰድ ናሙና ውስጥ ነው፤ ግማሹ ለፓቶሎጂ፣ ግማሹ የቲቢን ባክቴሪያ ለሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት። ጂን ኤክስፐርት ናሙናው ማሽኑ ላይ ከገባ በሁለት ሰዓት ውስጥ ውጤት ይሰጣል።

ናሙና መውሰድ በማይቻልበት ቦታ የሚደረገው በግምት የቲቢ መድኃኒት መጀመር ነው። ይህን መንቀፍ ከከተማ ሆኖ ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ ነጻ ነው፣ በሽታው ብዙ ነው፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይሰምራል። ባልሰመረበት ጊዜ ግን የካንሰር ታማሚው በቲቢ ኪኒን ላይ ውድ ወራት ያጠፋል። የአጥንት ቲቢ ሕክምና በአገራችን 12 ወር ይፈጃል፤ ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ ዐሥር ወር በሁለት። በዚህ ሁሉ ጊዜ መሻሻሉን የሚመዝን፣ ካልተሻለም «ግምቴ ትክክል ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ያስፈልጋል።

ዘግይቶ የታወቀ ቲቢ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቁት አዲስ አበባ ውስጥ ለዐሥርት ዓመታት የኖሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ናቸው። በማዘር ቴሬዛ የበጎ አድራጎት ቤት ካገኟቸው ታማሚዎች መካከል በልጅነታቸው ቲቢ አከርካሪያቸውን በልቶ ያጎበጣቸው ይገኛሉ። ብዙዎችን ጋና ወደሚገኘው የፕሮፌሰር ቦአቺ አድጄይ ሆስፒታል ልከው አሳክመዋል።

አገር ውስጥም ነገሩ እንደ ዱሮው አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር፣ በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አጋርነት ነበር፤ ያኔ በመላ አገሪቱ የነበሩት የሙያው ባለቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ በጥቁር አንበሳ፣ በዘውዲቱና በኮሪያ ሆስፒታል የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ምርመራው መፍጠን ያለበትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት ላይ የታተመ የፓቼል ጥናት፣ ካንሰር ኅብለ ሰረሰራቸውን ከተጫናቸው ታማሚዎች ቀዶ ሕክምናና ጨረር ካገኙት 84 በመቶው፣ ጨረር ብቻ ካገኙት 57 በመቶው ከሕክምናው በኋላ መራመድ እንደቻሉ አሳይቷል። በእግሩ ሄዶ የመጣ ታማሚ በእግሩ የመውጣት ዕድሉ በወንበር ከመጣው እጅግ ይበልጣል። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ብቻ ለሃያ ዓመታት ያህል ሲሰጥ በኖረበት አገር አንድ ወር «ዲስክ ነው» ብሎ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

ሁሉ ነገር በደንብ ሄዶ፣ ዲስክ ነው ተብሎ፣ ዲስክም ሆኖ ቢወጣ አንድ ሥራ ይቀራል። በሀብታም አገሮች የወጣውን የዲስክ ቁራጭ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ መላክ ያዋጣል ወይ የሚል ክርክር አለ፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል መልኩ «ዲስክ» ነውና። ቲቢ በሞላበት አገር ግን ክርክሩ አቅሙ ይደክማል፤ መልኩ ያላማረ ቁራጭ ሁሉ መላክ አለበት። እዚህ ናሙናውን ፎርማሊን በተሞላ ዕቃ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚወስደው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ነው። ውጤቱ የሚደርሰውም ታማሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጥንቁቅ ሐኪም ታማሚውን ሲያሰናብት ቀጠሮው ስፌት ለማስፈታት ብቻ አለመሆኑን፣ የፓቶሎጂው ወረቀትም አብሮ መምጣት እንዳለበት ይነግረዋል።